ጋሽ ሰይድ ያመጡልን ፕራይመር

ትናንት የባለቤቴን ቁልፎች ስለያይ መዳፌ ላይ የነሐስ ሽታ ቀረ። ካረፈ ሦስት ወሩ ነው። ሽታው ግን የወሰደኝ ወደ እሱ አይደለም፤ ኦክላንድ ወደሚገኘው የአባቴ ጋራዥ፣ ወደ አሥራ አራት ዓመቴ ነው።

አባቴ የተተኮሰ የነሐስ ቀለህ አጥቦ፣ ባሩድና እርሳስ ሞልቶ የአደን ጥይት ይሠራ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ባሩዱን የምትለኩሰው ትንሿ ቆብ፣ ፕራይመር የሚሏት፣ ከየሱቁ ጠፋች። ብትገኝም ዋጋዋ አይቀመስም። እኔ ደግሞ የመጀመሪያ የአደን ፈቃዴን አውጥቼ ነበር። አደኑ ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው አንድም ጥይት አልነበረንም።

የአባቴ የአደን ጓደኛ ጋሽ ሰይድ ከሳን ሊያንድሮ መጡና ከኪሳቸው ትንሽ ካርቶን አወጡ።

«ሃያ ናቸው። ይበቁሻል?»

«ኖት ሪሊ፣ አይበቁኝም» አልኩ።

«ላላነጣጠረ ሺህም አይበቃው!» ብለው ሳቁ። «ቢስሚላህ ብለሽ፣ ትንፋሽሽን ይዘሽ ተኩሺ። አጋዘኑ እንዳይሠቃይ።»

«እርስዎስ ጋሽ ሰይድ?» አለ አባቴ።

«ዘንድሮ ጉልበቴን አሞኛል፤ አልወጣም።»

እኔ አመንኳቸው። ወደ መኪናቸው ሲሄዱ ግን እንደ ጎረምሳ ይራመዱ ነበር። አባቴ እስኪሰወሩ ድረስ በዓይኑ ሸኛቸው።

አሁን ጎረቤቶቼ ምግብ ይዘው ሲመጡ «ብዙ ሠርተን ነው» ይሉኛል። ከገበታቸው ቀንሰው እንዳመጡልኝ አውቃለሁ። አልከራከራቸውም። በሁለት እጄ ተቀብዬ «አላህ ይስጥልኝ» እላለሁ።