የቅዳሜ እጅጌ

ሰው ሁሉ እትዬ ክር ይላታል። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ቀሚሷ ላይ አንድ የሱፍ ክር ሳይለጠፍ ስለማይውል ነው፤ ከኔ አፍ የወጣ ስም ደግሞ ሳይጣበቅ ቀርቶ አያውቅም።

የምንሰራው አንድ ላውንደሪ ውስጥ ነው። እኔ ከፊት ባንኮኒው ጋ ልብስ እቀበላለሁ፣ ከደንበኛ ጋር እጨቃጨቃለሁ። እሷ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ ትተኩሳለች። ካውያው በእንፋሎት የሚሰራ ነው፤ ሲነሳም ሲያርፍም ያቃስታል። እሷ አቃስታ ስለማታውቅ እሱ የሚያቃስትላት ይመስለኛል። ጠዋት በወጉ ጫማ ውስጥ የገባው እግሯ ማታ አብጦ አልወጣም ይላል። «እትዬ፣ ሐኪም ጋ ሂጂ እንጂ!» እላታለሁ። «ሐኪሙ ምን ይለኛል? አትቁሚ ነዋ የሚለኝ። ተኝቼ ልተኩስ?» ትለኛለች። እውነቷን ስለሆነ አፌን እዘጋለሁ። እኔ አፌን የምዘጋው ደግሞ ብዙ ጊዜ አይደለም።

ቤቷ ስትገባ ሌላ ሥራ ይጠብቃታል። ባሏ ጋሽ ሾፌር ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው፣ አንድ ቀን ጠዋት ጫማቸውን ሊያስሩ እንዳጎነበሱ ቀኝ ጎናቸው ከዳቸው። ምላሳቸውም አብሮ ሄደ። ከቃላት ሁሉ አንዲት «እሺ» ብቻ ተረፈችላቸው። ውሃ ልስጥህ? እሺ። ጠገብክ? እሺ። ቤቱ እየተቃጠለ ነው ቢሏቸውም እሺ ነው። «ስንት ዘመን አብረን ስንኖር አንድ ቀን እሺ ብሎኝ የማያውቅ ሰውዬ» ትላለች እትዬ፣ «አሁን የዕድሜ ልኩን በአንዴ አወረደልኝ!» ቀን ቀን ጎረቤት ብቅ እያለች ታያቸዋለች፤ ማገላበጡ፣ ማጠቡ፣ ማብላቱ ግን የእትዬ ነው። «ላያስችል አይሰጥም» እያለ ሻዩን ጠጥቶ የሚሄድ ጠያቂ ሲመጣ ደሜ ይፈላል። ማን አስቻላት? መሄጃ አጥታ ነው እንጂ!

እንግዲህ ይቺ ሴት በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ የራሷ ናት። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው የምንሰራው። ከዚያ እኔ አንድ ጠርሙስ ወይን ይዤ ቤቷ እሄዳለሁ። እሷ ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላ፣ ሹራቧን ታነሳለች። እስኪመሽ አንድ አንድ ብርጭቆ እየቀመስን፣ እሷ እየሰራች፣ እኔ እያወራሁ እንቀመጣለን።

ወይኑን የጀመርነው በእድፍ ምክንያት ነው። አንድ ጊዜ ከትልቅ ግብዣ የመጣ የጠረጴዛ ልብስ ክምር ነበር፤ ቢታጠብ፣ ቢታሽ፣ ቢቀቀል የወይኑ እድፍ አልለቅም አለ። እትዬ እድፉን በጣቷ እየዳበሰች «እንዲህ የሙጥኝ የሚል ነገር ጣዕሙ ምን ቢሆን ነው?» አለች። በዚያው ቅዳሜ ገዛሁ። ሹራቡንም ቢሆን ማንም አላስተማራትም። ደንበኞች በሙቅ ውሃ አጥበው የሕፃን ልብስ ያሳከሉትን፣ «ጣሉት» ብለው የሚተዉትን ሹራብ ቤቷ ወስዳ እየተረተረች፣ ክሩ የት ገብቶ የት እንደወጣ እያየች ነው የለመደችው።

የጠርሙሱ ካልሲ ደግሞ የእሷ ሕግ ነው። እኔ ርካሹን ሳይ «ውሃ ነው»፣ ውዱን ሳይ «አቤት አቤት» ስለምል፣ ጠርሙሱን እስከ አንገቱ የሚሸፍን የሱፍ ካልሲ ሰራችለት። ባለ ግሮሰሪው መጀመሪያ ያበድን መስሎት ነበር። አሁን ካልሲውን ሰጥቼው ፊቴን አዙሬ እቆማለሁ፤ መርጦ አልብሶ ይሰጠኛል። ካልሲው የሚወልቀው መጨረሻ ላይ፣ ሁለታችንም ፍርዳችንን ከሰጠን በኋላ ነው። «ንጉሥ የሚጠጣው ነው» ያልኩት የመደርደሪያው መናኛ ሆኖ ሲገኝ ጎረቤት እስኪሰማ እንስቃለን።

ወይን ቀማሾች የሚሉትን አናውቅም። እትዬ የምታውቀውን ትላለች። «እርጥብ ሱፍ ላይ ካውያ ሲያርፍ የሚወጣውን ሽታ ታውቂው የለ? እሱ አለበት። ከኋላው ደግሞ የበሰለ ፍሬ።»

«እኔ ምኑንም አላውቅ። ይሄኛው ምላሴን ያደርቀዋል፤ የባለፈው አላደረቀውም። አለቀ።»

«ምላስሽስ ይድረቅ፣ ለኛ ዕረፍት ነው!»

ጋሽ ሾፌር መጠጥ ስለተከለከሉ ብርጭቆውን ከአፍንጫቸው ሥር ታደርግላቸዋለች። ዓይናቸውን ጨፍነው ይስባሉ። «እሺ» ይላሉ። ጥሩ ወይን ሲሆን እሺው ይረዝማል፤ ኮምጣጣ ሲሆን አጭር ነው። ከሦስታችን ትክክለኛው ቀማሽ እሳቸው ናቸው ብንል ውሸት አይሆንም።

ከዚያ እትዬ ብርጭቆውን ነጭ የትራስ ልብስ ፊት አዘንብላ የወይኑን ጠርዝ ታያለች። ዕድሜዋን እድፍ ስታይ የኖረች ናትና ቀለም አያመልጣትም። «አየሽ፣ መሃሉ እንዲህ ጠቁሮ ጠርዙ ላይ ሲደርስ የሸክላ መልክ ያመጣል። የቆየ ነው ማለት ነው።» ያን ሰሞን ትሰራው የነበረው ሹራብ የተወለደው ከዚህ ጠርዝ ነው። ገላው ጥቁር ሐምራዊ ሆኖ፣ ወደ አንገቱና ወደ እጅጌው ጫፍ ሲጠጋ ቀስ እያለ ወደ ሸክላ ቀለም ይሄዳል። ጣትሽን ጭነሽ «እዚህ ጋ ተለወጠ» አትዪም። በወረቀት አልነደፈችውም። ሲተኩሱ መዋል ለማሰብ ይመቻል ትላለች።

እጅጌ ሳይወጣለት በፌስታል ይዛው የመጣች ቀን ለባለ ቡቲኳ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ባለ ቡቲኳ ከኛ ማዶ ሱቅ ያላት ወጣት ናት፤ አዲስ ልብስ ሲገባላት ከመስቀሏ በፊት እኛ ጋ ታስተኩሳለች። ሹራቡን ወደ ብርሃን አወጣችው፣ ገልብጣ ውስጡን አየች፣ ከዚያ መጋረጃውን ገልጣ ገባች። «የኔ እናት፣ ይሄን ጨርሰው ያምጡልኝ። መስኮት ላይ እሰቅለዋለሁ። ሰው ከወደደው የብርዱን ወራት ሙሉ ሥራ አለዎት። ክሩን እኔ አቀርባለሁ፤ እርስዎ ቤትዎ ተቀምጠው ነው።»

እትዬ ከዚህ ሁሉ አንድ ቃል ብቻ ነው የሰማችው። ማታ አብረን ስንወጣ «ተቀምጬ» አለች። ጥቂት ሄድን። «ተቀምጬ፣ እሱ አጠገብ» አለች ደግማ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር አልተመኘሁላትም። ሹራቡ ካማረ ከካውያው ትገላገላለች፤ ካላማረ እስክትወድቅ ድረስ ትቆማለች። ነገሩ ይኸው ነበር።

ቀኝ እጅጌውን ቅዳሜ ቅዳሜ ከኔ ጋር ስትቀመጥ ሰራችው። ለግራው ግን ጊዜ አልተገኘም፤ ባለ ቡቲኳ «ብርዱ ሳይገባ!» እያለች ትመላለስ ጀመር። ስለዚህ ከሥራ መልስ ጋሽ ሾፌርን አጥባ፣ አብልታ፣ አገላብጣ ስታበቃ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሰራችው። በምሳ ሰዓትም ከመጋረጃው ጀርባ እንደቆመች።

ያለቀ ዕለት ቅዳሜ ነበር። ገጣጥማ አለበሰችኝና እጄን ዘረጋሁ። የቀኙ እጅጌ መዳፌ ድረስ መጣ። የግራው ከእጄ አንጓ በላይ ቆሞ ቀረ፤ ክንዴንም እንደ ደም ግፊት መለኪያ አንቆ ያዘኝ።

«ወይ ጉድ! እጄ ነው ወይስ እጅጌው የተበላሸው?»

እትዬ አልሳቀችም። ዙሮቹን ቆጠረች፤ እኩል ናቸው። መርፌዎቹ ያው፣ ክሩም ያው። ደግማ ቆጠረች። ከዚያ እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«የሰኞ እጅ ነው» አለች። «ስደክም እጄ ይጠብቃል። የሚያመልጠኝ ይመስል ክሩን አንቄ ነው የምይዘው። ቅዳሜ ይላላል። ገላውም እንዲሁ ሆኖ ይሆናል፤ ግን ፊትና ኋላን አንድ ላይ የሚያይ ሰው የለም። እጅጌ ነው ጎን ለጎን ተንጠልጥሎ የሚያሳብቀው።»

የግራውን እጅጌ ዳበስኩት። ደረቅ ነው፣ አይሳብም። ይሄን ሁሉ ዘመን አብሬያት ስውል አንድ ቀን ደከመኝ ብላኝ አታውቅም። አሁን ክንዴን አንቆ ነገረኝ።

«የግራውን ተርትሪውና እንደ ቀኙ አድርገሽ ስሪው በቃ!» አልኳት። «ቀኙ እኮ እንደ ሐር ይፈሳል!»

«ምናልባት ወይኑ ይሆን የሚያላላኝ?» አለች።

ሰኞ ማታ የግራውን ተርትራ ሞከረችው። ከቅዳሜ የተረፈውን ወይን አንድ ብርጭቆ ጠጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ማክሰኞ ጠዋት ፌስታሏን ባንኮኒው ላይ አራገፈችልኝ። ጉድ ነበር! አንዱ ጋ ታንቋል፣ አንዱ ጋ ተንዘላዝሏል፣ አንዱ ጋ ክሩ አምልጦ ቀዳዳ ሆኗል።

«ሰክሬ አይደለም» አለች። «ሰውዬው መሃል መሃሉ ላይ እየጠራኝ ነው።»

«ምን ብለው ነው የሚጠሩሽ?»

«እሺ እያለ ነዋ!»

ሳቅን፤ አንድ ደንበኛ ደረሰኙን እንደያዘ ቆሞ እስኪያየን ድረስ ሳቅን። ከዚያ እትዬ ያንን ቡቱቶ ወደ ፌስታሉ መለሰች። «ወይኑ አይደለም እንግዲህ» አለች።

ረቡዕ ለምሳ መጋረጃውን ገልጬ ስገባ ስትተረትር አገኘኋት። የምትተረትረው ግን ቀኙን ነበር። ያንን ውቡን!

«እትዬ! አበድሽ እንዴ? እሱ እኮ ነው የሚያምረው!»

«ያምራል።»

«ታዲያ?»

እጇን አላቆመችም። «ብርዱን ሙሉ ስሪ ስትለኝ የቅዳሜን እጅ ከየት አመጣለሁ? በትዕዛዝ አይመጣም። የሰኞው ግን ሁልጊዜም አለኝ። ማክሰኞም ረቡዕም አለኝ። አንዴ ያንን አሳይቻት በሚቀጥለው ይሄን ይዤ ብሄድ ምን ትለኛለች? የማልዘልቅበትን ነገር ምን ብዬ ላሳያት?»

ልቆጣት ፈልጌ ነበር። አፌንም ከፍቼ ነበር። ክሩ ከእጅጌው እየወጣ ጭኗ ላይ ተጠምዝዞ ተከመረ። የተተረተረ ክር ቶሎ ስለማይቃና ለሁለቱም አዲስ እጅጌ ሌላ ክር ያዘች፤ አሮጌውን ጠቅልላ ልቃቂት አደረገችውና ከቦርሳዋ ሥር አስገባችው።

በዚያ ሳምንት ቅዳሜያችን ቀረ። እሷ እጅጌ ስትጨርስ እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ ግድግዳ ሳይ ዋልኩ።

ሰኞ ባለ ቡቲኳ ሹራቡን ባንኮኒው ላይ ዘረጋችው። እትዬ ሁለቱንም እጅጌ ጥቂት ዙር አስረዝማቸዋለች፤ እኩል ናቸው፣ ጥብቅ፣ ድርቅ ያሉ። ሴትዮዋ ለበሰችው፣ መስታወት ፊት ዞረች። «እንዴት ያለ ጠንካራ እጅ ነው ያለዎት!» አለች። «ልክ እንደዚህ ይስሩልኝ፣ ብቻ እንዳይለወጥብኝ።»

«አይለወጥም» አለች እትዬ።

እኔ ወደ መንገዱ ዞሬ የሚያልፈውን ሰው አየሁ። ሌላ ምን ላድርግ?

ሹራቡ ተወደደ። እትዬ ላውንደሪውን ለቀቀች። ካውያው አሁን ለሌላ ሴት ያቃስታል፤ እኔም ከማን ጋር እንደምስቅ አጥቻለሁ። ደስ አልተሰኘሁም ማለቴ አይደለም። የእግሯ እብጠት ጎደለ፣ ጋሽ ሾፌርም ቀኑን ሙሉ በዓይናቸው ሲፈልጓት ከመዋል ዳኑ። ብቻ ከነጋ እስኪመሽ ትሰራለች፤ አሁን ደግሞ የእጇን አንጓ በጨርቅ አስራለች።

ከለቀቀች በኋላ በመጀመሪያው ቅዳሜ ካልሲ የለበሰውን ጠርሙስ ታቅፌ ሄድኩ። የቡቲኩን ሥራ በፌስታል አድርጋ ጥግ ገፍታዋለች። እግሯን በርጩማው ላይ ሰቀለች፣ ከቦርሳዋ ሥር ያንን ልቃቂት አወጣች። ክሩ እንደተጠማዘዘ ነው።

«ይሄስ ለማን ነው?»

«ለማንም። ዝም ብዬ ነው።»

ቀዳሁ። ብርጭቆዋን ነጩ ጨርቅ ፊት አዘነበለች፣ ለጋሽ ሾፌር አሸተተችላቸው። «እሺ…ሺ» አሉ፤ እንዲያ የረዘመ እሺ ሰምቼ አላውቅም። እትዬ ፈገግ ብላ ብርጭቆውን አስቀመጠችና መርፌዎቹን አነሳች። እኔም አዲሷ ተኳሽ የሰው ኮት አንገትጌ እንዴት እንዳቃጠለች ማውራት ጀመርኩ። ወሬው የሚያስቀው ቦታ ላይ ደርሼ ቀና ስል እንቅልፍ ወስዷታል።

አንገቷ ወደ ጎን ወድቋል። መርፌዎቹ በእጇ ናቸው። ወይኗን ከንፈሯ ላይ እንኳን አላስነካችውም። ጋሽ ሾፌርን አየኋቸው፤ እሳቸውም እሷን ነው የሚያዩት።

«ትተኛ፣ ጋሼ?» አልኩ በሹክሹክታ።

«እሺ» አሉ፤ እሳቸውም በሹክሹክታ።

አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ። መቀመጫ አገኘችልኝ ብዬ ስደሰት ቅዳሜዋን ድካም በላባት። የሰራቻቸውን ጥቂት ዙሮች በጣቴ ነካኋቸው። የላሉ ናቸው፣ የቅዳሜ እጅ። ብርጭቆዋን በሳህን ከደንኩላት፣ ብርድ ልብሱን እግሯ ላይ ጣል አደረግኩ። የጠርሙሱን ካልሲ ሳላወልቀው በሩን ቀስ አድርጌ ዘግቼ ወጣሁ።