የጋሼ በላቸው ሁለተኛ ሽጉጥ

የመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ኢንግልዉድ ውስጥ አንድ የገበያ ቦታ መኪና ማቆሚያ ላይ ነበር። የተሰጠኝ ዩኒፎርም የወንድ ልክ ስለነበር ቀበቶውን በምስማር በስቼ ተጨማሪ ቀዳዳ አወጣሁለት። ቀበቶው ላይ ሽጉጥ፣ ሁለት ትርፍ የጥይት ካዝና፣ ካቴና፣ ባትሪና ሬዲዮ ይንጠለጠላሉ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ዳሌዬ ደነዘዘ። በሱሪዬ የጎን ኪስ ደግሞ መጽሐፍ ነበረኝ።

ሬሞን የሚባል ፊልድ ሱፐርቫይዘር ሊፈትሸኝ መጣ። ፊልድ ሱፐርቫይዘር ማለት በመኪና እየዞረ በየቦታው የተመደቡትን ጠባቂዎች የሚቆጣጠር ነው። ኪሴን አየና ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። በእረፍቴ የማነበው መጽሐፍ ነው አልኩት። እያገላበጠ ውፍረቱን ተመለከተና፣ "ኦኬ። ጥይት የሚያቆም ከሆነ ንገሪኝ፣ ለሁሉም እገዛለሁ" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ባገኘኝ ቁጥር የማነበውን መጽሐፍ ርዕስ ይጠይቀኛል። አንዱንም አንብቦ አያውቅም።

ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። ቀን አረጋውያን እየጦርኩ ማታ እየተማርኩ ሃይስኩል ጨረስኩ፤ ጋርድ ካርድ የሚባለውን የጥበቃ ሥራ ፈቃዴንና የመሣሪያ ፈቃዴን ያወጣሁት ከዚያ በኋላ ነው። ሃውቶርን ያለው የተኩስ አስተማሪያችን፣ "ሌላው ሰው መመሪያውን የሚያነበው ለማለፍ ነው፤ አንቺ የምታነቢው ከእኔ ጋር ለመከራከር ነው" ይለኝ ነበር። ትክክል ነበር። መመሪያው ሁለት ቦታ ላይ ራሱን ይቃረናል።

በኋላ ፌርፋክስ አጠገብ ባለች የሐበሾች ቤተ ክርስቲያን ሳይት ሱፐርቫይዘር፣ ማለትም የቦታው ጠባቂዎች አለቃ፣ ሆኜ ተመደብኩ። ማዕረጉ ትልቅ ይመስላል እንጂ በእኔ ሥር ያሉት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ጋሼ በላቸው።

ጋሼ በላቸው ስልሳ ዓመት ያለፋቸው የድሮ ወታደር ናቸው። ፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር ባለ መኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ በአንዲት ጠባብ የመስታወት ቤት ተቀምጠው ለዓመታት ትኬት ሲቆርጡ ኖረዋል። ይህን ሥራ ሲያገኙ ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ የልብ መድኃኒታቸውን በኢንሹራንስ መውሰድ ጀመሩ። ስለዚህ ሥራውን እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚያዩት። ዩኒፎርማቸው ተተኩሶ፣ ጫማቸው አብርቶ ነው የሚመጡት።

አንድ ቀን የግራ ሱሪ እግራቸው ከቀኙ ሰፍቶ አየሁ። በሌላ ቀን የለበሱትም ሱሪ እንደዚያው ነው።

"ጋሼ፣ ሱሪዎን ያሰፉት የት ነው?"

"ፌርፋክስ፣ እዚች ሴትዮዋ ጋ። ምነው?"

"ግራና ቀኙ እኩል አይደለም። ገንዘብዎን ትመልስልዎ።"

"አንቺ ደግሞ! የማታዪው ነገር የለም።" ዙሪያውን ገላመጡና፣ "ባክአፕ ነው" አሉኝ በሹክሹክታ። ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ በማሰሪያ የታሰረች፣ መዳፍ የምታህል ሽጉጥ ነበረች።

ምክንያታቸው የዋዛ አልነበረም። ጦር ሜዳ ላይ ጠብመንጃቸው ነክሶባቸው፣ ጥይቱ አልወጣ ብሎ፣ ጉድጓድ ውስጥ ባዶ እጃቸውን የተቀመጡበትን ሰዓት ነገሩኝ። "መሣሪያ ይነክሳል፣ ልጄ። ሁለተኛ የሌለው ሰው ያኔ ነው የሚገባው።"

በግል ሽጉጥ ደብቆ ለመያዝ የካውንቲው አስተዳደር ፈቃድ ነበራቸው። የድርጅታችን ደንብ ግን ሌላ ነው። በሥራ ሰዓት ሁለተኛ መሣሪያ የሚይዝ ጠባቂ አስቀድሞ ማስፈቀድ አለበት፤ በዚያው መሣሪያ፣ ከሚይዝበት ቦታ አውጥቶ ተኩሶ ማለፍም አለበት። ያለፈቃድ የተያዘበት ይባረራል። ይህን ነገርኳቸው። እስኪፈተኑ ድረስ ሽጉጧ ቤታቸው እንድትቆይም አዘዝኳቸው።

"እሺ፣ አስተማሪዋ" አሉኝ። በማግስቱ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ባዶ እግራቸውን አሳዩኝ። ፈተናውን ግን ዛሬ ነገ ሲሉ ሰነበቱ።

ጸሎተ ሐሙስ ደረሰ። ሕዝቡ ሲሰግድ ውሎ የሕጽበተ እግር ሰዓት ሆነ። ቄሱ የምእመናኑን እግር የሚያጥቡት ውስጥ ነው፤ እኛ ጠባቂዎች መሣሪያ ስለያዝን ከግቢው በር አናልፍም። ሬሞንም ለቁጥጥር መጥቶ ነበር። እናቶች በወረቀት ሳህን ጉልባን ሰጥተውት፣ ባቄላውን ከስንዴው እየለየ ይበላል።

ድንገት አባ ከነመታጠቢያው ብቅ አሉ። ዲያቆኑ ውኃና የወይራ ቅጠል ይዟል፤ ከኋላቸው እናቶች ተከትለዋል።

"እኛን ስትጠብቁ ቆማችሁ ዋላችሁ" አሉ አባ። "እናንተ ካልገባችሁ እኛ እንወጣለን። ቁጭ በሉ!"

አንዱ ሲታጠብ ሌላው በሩን ይጠብቃል፤ ደንቡ ነው። መጀመሪያ እኔ ታጠብኩ። ቦቴን አስሬ በሩን ተረከብኩና ጋሼ በላቸው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ዲያቆኑ የቀኝ ጫማቸውን ፈታላቸው።

"ቀኙ ይበቃል፣ አባቴ።"

"እንዴት ይበቃል?"

"ግራው ቁስል አለው።"

"ቁስልማ መታጠብ አለበት!" አሉ ከኋላ አንዲት እናት። "በሉ አባ፣ ጸበልም ጨምሩበት።"

"ጴጥሮስም እንዲህ አስቸግሮ ነበር" አሉ አባ፤ ጎንበስ ብለው የጋሼን የግራ ሱሪ ጫፍ ያዙ። የጋሼ በላቸው ፊት አመድ ሲመስል ገባኝ። "አባታችን፣ ይቆዩ!" አልኩ። ዘግይቻለሁ። አባ እጃቸው እዚያው ቀርቶ ቀና አሉ።

"ይሄ አጥንት አይደለም" አሉ።

ሬሞን ማኘኩን አቆመ።

እናቶቹንና ዲያቆኑን ወደ ውስጥ መለስኳቸው። አባንም ፈቀቅ እንዲሉ ለመንኳቸው። ከዚያ፣ "ጋሼ፣ አፈሙዙን ወደ መሬት አድርገው ራስዎ ያውጡት" አልኩ።

ጋሼ በላቸው ጎንበስ አሉ። የቀበቶው ሽጉጥ ጎናቸውን ወጋቸው። ቀና ብለው እግራቸውን ወደ ላይ ለመሳብ ሞከሩ፤ ጉልበታቸው አልታጠፍ አለ። በሌላ በኩል ዞረው ሞከሩ። ጣቶቻቸው ከሽጉጧ አንድ ስንዝር ሲቀራቸው ይቆማሉ። እኛም አጠገባቸው ቆመን፣ ምንም እንደማያስቸኩለን ሁሉ፣ እንጠብቃለን።

"ልጄ፣ አውጪልኝ" አሉኝ በመጨረሻ።

አወጣሁት። ጥይቱን አራግፌ መኪናዬ ውስጥ ባለው ሣጥን ቆለፍኩበት። ስመለስ አባ እየጠየቋቸው ነው።

"ጠዋት ታዲያ እንዴት አሰርከው?"

ጋሼ በላቸው መሬት መሬት አዩ። "አልማዝ ናት የምታስርልኝ።"

"እንግዲያው ጠላት ሲመጣ ለእሷ እንደውልላታለን ማለት ነው?" አሉ አባ።

ሬሞን ተርጉሚልኝ አለኝ፤ ተረጎምኩለት። ከት ብሎ ሲስቅ ጉልባኑ ተደፋ። ከዚያ አፉን ጠርጎ፣ "እኔ ግን ይህን ማሳወቅ አለብኝ" አለ። የጋሼን የሥራ ሽጉጥ ተረከበና ከሥራ አገዳቸው። አባ ወደ መታጠቢያው ተመልሰው የግራ እግራቸውን አጠቡላቸው። ቁርጭምጭሚታቸው ላይ የማሰሪያው ሰምበር ነበር። ጋሼ በላቸው ሲታጠቡ አንዲት ነገር ብቻ አሉኝ፤ "የአልማዝ መድኃኒት…" ብለው ሳይጨርሱ ተዉት።

ከፋሲካ በኋላ የድርጅታችን ሥራ አስኪያጅ ጠራኝ። ያየሁትን ሁሉ፣ አስቀድሜ አዝዣቸው እንደነበርም ጭምር ተናገርኩ። ሊያባርራቸው ቆርጦ ነበር።

"የቤተ ክርስቲያኑ ቄስ ደግሞ ደውለውልኛል" አለ። "ሽጉጡን የነካው የእኔ እጅ ነው፣ እኔ ይቅር ብያለሁ ይላሉ። ቄስ አለቃዬ ናቸው?"

"አይደሉም። ደንበኛዎ ናቸው።"

ጣሪያውን አየ። "ምን ይደረግ ነው የምትይው?"

"ደንቡ ይፈተን ይላል፤ ይፈተኑ። በሁለቱም መሣሪያ። በሥራው ሽጉጥ ከወደቁ እኔም አልከራከርዎትም።"

የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ሰጥቷቸው እንዲፈተኑ ተስማማ።

ሃውቶርን አብሬያቸው ሄድኩ። አስተማሪው መጀመሪያ ባዶ ሽጉጥ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ አሰረላቸውና፣ "አውጣ!" አለ። ጋሼ በላቸው እንደ ወታደር ፈጥነው በአንድ ጉልበታቸው ተንበረከኩ። ሽጉጧም ወጣች፤ ግን የተሰጣቸው ጊዜ ካለቀ በኋላ ነው። መነሳት ደግሞ ጨርሶ አልሆነም። እኔና አስተማሪው ብብታቸውን ይዘን አነሳናቸው።

አቧራቸውን እያራገፉ፣ "እስከዚህ ታግሦ የሚጠብቀኝ ጠላት ከሆነ፣ ሻይ መጋበዝ ነበረብኝ" አሉ።

ቀጥሎ አስተማሪው በሥራ ሽጉጣቸው ካዝና ውስጥ የማይተኩስ የሐሰት ጥይት ቀላቅሎ ሰጣቸው። ሆነ ብሎ እንዲነክስባቸው ነው። የእትዬ አልማዝ መድኃኒት በዚህ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ተኮሱ። ቃታው ቀጭ አለ፤ ነከሰ። የካዝናውን ታች በመዳፋቸው መቱ፣ አቀባበሉ፣ ተኮሱ። እኔ ከማደርገው በፈጠነ ሁኔታ ነበር። ጥይቶቹ ዒላማው መሃል ላይ አርፈዋል፤ አለፉ። ወደ እኔ ዞረው፣ "አስተማሪዋ፣ ይህስ በመጽሐፍሽ አለ?" አሉኝ።

አለ፤ አራተኛው ምዕራፍ ላይ ነው። ግን አልነገርኳቸውም።

በሳምንቱ በአንድ ሽጉጥና እኩል በሆነ ሱሪ ወደ በሩ ተመለሱ። ትንሿን ሽጉጥ ቤታቸው ቆልፈውባታል። እትዬ አልማዝ አሁን የሚያስሩላቸው ጫማቸውን ብቻ ነው።

ሁለተኛ ሽጉጥ መያዝ ስህተት ነው አልልም። እኔም አስፈቅጄና ተፈትኜ ይዣለሁ፤ የጥይት መከላከያ ሰደርያዬ ፊት ለፊት፣ ሁለቱም እጆቼ የሚደርሱበት ቦታ ላይ ነው። ሬሞን መጽሐፉ የት ሊገባ ነው ብሎ ጠይቆኛል። እዚያው የጎን ኪሴ ነው።

ለአዲስ ጠባቂዎች የምነግራቸው ይህን ነው። ቆማችሁም፣ ተቀምጣችሁም፣ ወድቃችሁም በራሳችሁ እጅ አውጡት። ካልደረሳችሁበት ሽጉጡ የእናንተ መከላከያ አይደለም፤ ቀድሞ ለደረሰበት ሰው ነው የተሸከማችሁለት።