የአሠልጣኟ በርጩማ

ከልብስ ስፌት ቤቴ በላይ ያለውን ክፍል የተከራየችው ሴት ሥራዋ ሰውን ንግግር ማሠልጠን ነው። ሠፈሩ ስሟን ትቶ «ቀስ ይበሉ» ይላታል፤ ደንበኛ ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር ከአፏ የምትወጣው ይህችው ናትና። የእሷ ወለል የእኔ ጣሪያ ነው፤ እሱም ስስ ሳንቃ ነው። የሰው ምስጢር የማዳመጥ ልማድ የለኝም። ግን የስፌት መኪናዬን ባቆምኩ ቁጥር፣ ላይ የሚነገረው ሁሉ ቁልቁል ይወርድብኛል።

አባቷ ፀጉር አስተካካይ ነበሩ። «ከተቆጣ ሰው ኋላ አትቁሚ፤ ምላጭ ይዘሽ ከሆነማ ጨርሶ» ይሏት ነበር። ስታድግ አንድ ትልቅ ድርጅት ውስጥ የደንበኞችን አቤቱታ በስልክ ስትቀበል፣ ስድብ ጠግባ ኖረች። ድርጅቱ ሠራተኛ ሲቀንስ እሷም ተቀነሰች። «ስድብ መቻልን የመሰለ ሙያ ይዤ ምን ሥራ ፈትቼ እቀመጣለሁ?» አለችና ይህን ክፍል ከፈተች።

ለሥራ ቃለ መጠይቅ የሚንቀጠቀጥ ወጣት፣ አዲስ የተሾመ አለቃ፣ ከሠራተኞቹ ጋር የተኳረፈ ነጋዴ ይመጣሉ። ጥፋቱ ሲነገረው የሚያመሰግን ግን ከስንት አንድ ነው። «ደግሞ አንቺ እኔን ልታስተምሪኝ?» ብሎ ጠረጴዛ የሚደበድብ ሞልቷል። እሷ መልስ አትሰጥም። ከወንበሯ ተነሥታ ደንበኛው እግር ሥር ካለች አጭር በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። በርጩማዋ እግሯ የላላ ስለሆነ ሲጢጥ ትላለች፤ እኔም ከታች ሆኜ «አሁን ተቀመጠች» እላለሁ። «ቁልቁል እያየ የሚጮኽ ሰው፣ ጩኸቱ ለራሱ ይሰማዋል» ብላኛለች። እውነቷን ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ድምፁ ይበርዳል። ሞኝም አይደለችም። «ስለ ሥራዬ የፈለጉትን ይበሉ። ስለ እናቴ ከሆነ ግን በሩ ያውና» ትላለች።

አንድ አናጢ የመጣ ቀን ድምፁ ከእሱ ቀድሞ ደረጃውን ወጣ። በዕድሜ እኩያዬ ነው። ሠራተኞቹ ሁሉ ከአፉ ሸሽተው አልቀዋል። በመጨረሻ አንድያ ልጁ፣ እጁ ከአባቱ እጅ የማያንሰው፣ «አፍህን ካልገራህ አልመለስም» ብሎ ጓደኛው ዘንድ ገባ። ሩቅ ከተማ ሥራ እየፈለገ ነበር። አናጢው የመጣው ልጁን ሳይሄድበት ለመመለስ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ይቺን በርጩማ የሠራት ማን ነው?»

«ከገበያ ነው የገዛኋት፣ ጋሼ።»

«እጁን ቁርጥማት ይያዘው! ይሄ እግር ነው? ይሄ የዶሮ ቅልጥም ነው!»

«ቀስ ይበሉ ጋሼ።»

«ቀስ የሚለው ሬሳ ነው!»

ከሳቄ የተነሣ በከንፈሬ የያዝኩት መርፌ ወደቀ።

በየሳምንቱ ተጣሉ። በየሳምንቱ በርጩማዋ ሲጢጥ አለች። በሩን ደርግሞ ሲወጣ ተከትላው አትወጣም፤ ደውላም አትለምነውም። «የዘጋው እጅ ራሱ ይክፈተው» ትላለች። እሱም ይመለሳል፤ ልጁ አለበታ።

ትልቁ ጥላቸው የመጣው ለልጁ የሚናገረውን ስታስጠናው ነው።

«‹አንተ ድንጋይ፣ ና ወደ ቤትህ› እለዋለሁ» አለ።

«‹ድንጋይ› የምትለዋ ትውጣ።»

«ምን ሲባል! ከተወለደ ጀምሮ የምጠራው በሷ ነው። አዋላጇ አንሥታ ስትሰጠኝ ክብደቱ ገርሞኝ ያወጣሁለት ነው። እናቱ ሳትቀር ድንጋዬ እያለችው ነው የሞተችው!»

«ሠራተኞቹንስ ሲቆጡ ምን ይሏቸው ነበር?»

«ጉቶ… ደደብ… ድንጋይ።»

«ታዲያ ልጅዎ የቱ የፍቅር፣ የቱ የስድብ እንደሆነ በምን ይለየው?»

ጮኸ፤ ጠረጴዛውን መታ። እሷ በርጩማዋ ላይ ቁጭ እንዳለች ጠበቀችው። በመጨረሻ «እሺ፣ ትውጣ» አለ። ያን ቀን በሩን የዘጋው በቀስታ ነው። እሷም እያዜመች ስትወርድ አየኋት። ተሳካልኝ ብላ ነው፤ ማን ይፈርድባታል?

ከዚያ ወዲህ ተማረ። ሰው ሲናገር አለማቋረጥን፣ ምራቅ ውጦ መናገርን፣ «ስሜትህ ይገባኛል» ማለትን። ልጁ ሥራ አግኝቶ ሊሄድ መሆኑ ሲሰማ፣ አናጢው እኔ የተኮስኩለትን ኮት ለብሶ ወደ አውቶቡስ ጣቢያ ሄደ።

ሲመሽ አንድ ሰው ደረጃውን ወጣ። በኮቴው አላወቅሁትም።

«እንደተባልኩት አደረግሁ» ሲል ሰማሁ። «‹ስሜትህ ይገባኛል፤ የበደልኩህን አውቄያለሁ› አልኩት። ፊቴን ሲያይ ሲያይ ቆየና ‹ማን አስጠናህ?› አለኝ። ‹አባቴ ቢሆን ይሄኔ፣ አንተ ድንጋይ፣ ሻንጣህን አንሣና እንሂድ ይለኝ ነበር› አለ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል። ያቺ ቃል አፌ ላይ መጣች። እሱ ግን ገና እየተናገረ ነበር፤ አላቋረጥኩትም። ሲጨርስ ምራቄን ዋጥኩ። ያኔ አውቶቡሱ ላይ ወጥቶ ነበር።»

በርጩማዋ ሲጢጥ አለች።

«ይቆጡኝ፣ ጋሼ» አለች። «እባክዎ ይስደቡኝ።»

«ለምን እቆጣዎታለሁ? ያስተማሩኝ ትክክል ነው። ‹አፍህን ግራ› ያለኝም ልጄ ራሱ ነው።»

እርስዎ አላት። ያን ሁሉ ጊዜ «አንቺ ልጅ» ሲላት የኖረ ሰው። የያዝኩት ጨርቅ ከእጄ ወደቀ።

«አሁኑኑ ይደውሉለት!» አለች። «‹አንተ ድንጋይ› ይበሉት!»

«ከጣቢያው ሳልወጣ ደወልኩ። በስልክ ስላት ጊዜ ስድብ ሆነች። ‹አመሰግናለሁ፣ ደህና ይዋሉ› አለኝ።»

ከዚያ ወዲያ ልጁ አልመጣም። አባትና ልጅ አልፎ አልፎ ይደዋወላሉ፤ እንደ ሁለት መልካም ጎረቤቶች በትሕትና ጤና ተጠያይቀው ይዘጋሉ። እሷ አንድ ሰሞን ደንበኛ መቀበል አቆመች። ስትመለስም የሚጮኽ ደንበኛ ሲመጣ «ቀስ ይበሉ» ማለቷን ተወች። የሠፈሩ ሰው ግን ስሟን ከየት አምጥቶ ይቀይር፤ እንደዚያው ይጠራታል።

አንድ ቀን አናጢው መጥቶ በርጩማዋን በብብቱ ይዞ ወረደ። በሳምንቱ አዲስ እግር ተክሎ፣ ልጎ፣ ቀብቶ መለሳት። እንደ እርሱ ያለ እጅ የለም።

«ጋሼ» ስትለው ሰማሁ፤ ድምፅዋ ልመና ነበረው። «መጀመሪያ የሠራትን ሰው ሥራ እንዴት አገኙት?»

መኪናዬን አቆምኩ። በርጩማዋን ሲያገላብጣት ይሰማኛል። እኔም እንደ እሷ ጠበቅሁ፤ የዶሮ ቅልጥሙን፣ ቁርጥማቱን።

«የቻለውን ያህል ሞክሯል» አለ።

ደረጃውን በቀስታ ወርዶ፣ ለእኔም ሰላምታ ሰጥቶ ሄደ። ወደ ጣሪያዬ ቀና አልኩ። በርጩማዋ እግሯ ጸንቶ ከእንግዲህ ሲጢጥ አትልም፤ አሠልጣኟ ትቀመጥ ትቁም ማወቅ አልቻልኩም።