በለቅሶ ጡሩምባ ፖሊስ ቤት የገባሁ ዕለት

ፖሊስ የሆንኩ ዕለት የሞጣ ሕዝብ ሽማግሌ አሮጊት ሳይቀር ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ተቀብሎኛል። ጃንሆይ ራሳቸው ቢመጡ ያን ያህል ሰው መውጣቱን እጠራጠራለሁ። ከመካከሉ ብዙው እያለቀሰ መምጣቱን ግን ከአሁኑ ልናገር፤ አለበለዚያ ከሞጣ ሰዎች አንዱ ያጋልጠኛል።

ነገሩ የሚጀምረው ቢቸና ነው። ስምንተኛ ክፍልን እንደ ጨረስኩ የከተማው ዕድር ጡሩምባ ነፊ ሆኜ ነበር። ሰው ሲሞት ጎሕ ሲቀድ ተነሥቼ ከሰፈር ሰፈር እነፋለሁ፤ ሰዉም ለቀብር ይወጣል። ትንፋሼ ጉንደ ወይን ድረስ ይሰማ ነበር። ዓባይ ድልድይ ድረስ ይሰማል ያለም አለ፤ እኔ ነኝ ያልኩት። ችግሩ፣ ሰው ሁሉ ይሸሸኝ ነበር። ልጃገረዶች ሲያዩኝ "ደግሞ ማን ሞተ?" ይላሉ እንጂ ጤና ይስጥልኝ የምትለኝ እንኳ አልነበረችም። የፖሊስ ቆብ ካልደፋሁ በቀር "ሞት ጠሪው" እየተባልኩ ማርጀቴ ነው።

ፖሊስ እሆናለሁ ብዬ ስነሣ መካሪ በዛልኝ። ከወለጋ ተመድበው የመጡት መምህሬ "ደብረ ማርቆስ ሂድና አሥራ ሁለተኛን ጨርስ፤ ከዚያ አዲስ አበባ በዕጩ መኮንንነት ትገባለህ። ትከሻህ ላይ ኮከብ ይደረግልሃል" አሉኝ። ኮከቡን ወደድኩት። አልጀብራው ትዝ ሲለኝ ግን ኮከቡ ሰማይ ላይ ይቆይ አልኩ።

አባቴ ደግሞ ሙክት ጎትቶ ለአውራጃው ገዥ ደጅ ሊጠናልኝ አሰበ።

"አባዬ፣ ጎረቤታችን ደጅ መጥናት ሲጀምሩ ጢማቸው ጥቁር ነበር።"

"እና?"

"አሁን ነጭ ነው። እሳቸው ግን እዚያው በር ላይ ናቸው።"

"ምላስህን ይቁረጠው!" አለና ሳቁን በጋቢው ሸፈነ።

እኔ የመረጥኩት አቋራጩን ነው። ሞጣ ላይ ተራ ፖሊስ ይመለመላል የሚል ወሬ ደርሶን ነበር። አባቴ ስንቅ አስይዞ ሲሸኘኝ "ሂድ። ቆቡን ሳትደፋ ከተመለስክ ግን ጡሩምባህ እግድግዳው ላይ ተሰቅላ ትጠብቅሃለች" አለኝ። እስከ ጉንደ ወይን በእግሬ፣ ከዚያ ወዲያ ቆዳ በጫነ መኪና ላይ ሆኜ ሞጣ ገባሁ። ሽታዬ የደረሰው ሰው ምልምል ሳይሆን የተሰረቀ ቆዳ ማስረጃ ነው የመሰልኩት።

በማግስቱ ማለዳ ፖሊስ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ተሰለፍን። ምልክት የተደረገበት እንጨት ባሕር ዛፉ ላይ ተደግፏል፤ ቁመቱ ከምልክቱ በታች የሆነ ይመለሳል። ተራዬ ሲደርስ ሃምሳ አለቃው እንጨቱን አየ፣ እኔን አየ።

"ቀሪህ የት አለ?"

"ቢቸና ረስቼው መጥቼ ነው ጌታዬ።"

"እንግዲያው ሄደህ አምጣው!" ብሎ ከሰልፉ አወጣኝ።

ሰልፈኛው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ያቺ ጡሩምባ ግን ከግድግዳው ላይ ሆና ስትጠራኝ ተሰማኝ።

እግሬን እየጎተትኩ በሩ ጋ ስደርስ አዛዡ ሻምበል ከቢሮ ወጡ። ባንዲራው ገና አልተሰቀለም። የጣቢያው መለከት ነፊ ቆላ ወርዶ ወባ ይዞት ተኝቷል፤ ሰሞኑን ባንዲራው በፉጨት ነበር የሚወጣው። ሻምበሉ ተቆጥተው ወደ ሰልፉ ዞሩ።

"ከእናንተ ውስጥ ሙያ ያለው የለም? አናጢ፣ ልብስ ሰፊ፣ መለከት ነፊ? ባለሙያ በቁመት አይጣልም!"

መምህሬም አባቴም ያልነገሩኝ መንገድ ይኸው ነበር! ከበሩ ተመልሼ በሮጥኩት ሩጫ አቧራው ሃምሳ አለቃውን ሸፈነው።

"እኔ አለሁ ጌታዬ!"

መለከቱን ሰጡኝ። እኔ የማውቀው ዜማ አንድ ብቻ ነው። ደረቴን ነፍቼ፣ ያንኑ ረጅምና አንጀት የሚበላ ጥሪ ለቀቅሁት። ባንዲራው ሽቅብ ወጣ። ገና ጫፍ ሳይደርስ ሞጣ ከዳር እስከ ዳር ተንጫጫ። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው "ወየው! ወየው!" እያሉ፣ የዕድር ዳኛው ድንኳን አሸክመው ግቢውን ሞሉት። ንፍሮ በእንቅብ የያዙ አሮጊት ከፊት ቀደሙ።

"ማንን አጣን፣ የኔ ልጅ?" አሉ ሃምሳ አለቃውን።

"ማንም አልሞተም እማማ።"

"ታዲያ ለማን ነው የተነፋው?"

ሃምሳ አለቃው ጣቱን ወደ ባንዲራው ቀሰረ። አሮጊቷ ቀና ብለው አዩና "ምን አገኘው?" አሉ።

እኔ ልብሴን ሰብሰብ አድርጌ ለሽሽት ተዘጋጀሁ። ሻምበሉ ግን ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። "ይህን ሕዝብ ለስብሰባ ጠርቼው ጠርቼው እምቢ ብሎኛል። ይኸ ድንክ በአንድ ትንፋሽ አመጣው! ቆብ ስጡት!" አሉ። ሕዝቡ ከመጣ አይቀር ተሰብስቦ ምክራቸውን ሰማ፤ ንፍሮውንም ምልምሎች በላነው።

ቆቡ ጆሮዬን አልፎ ይወርድ ነበር፤ ግን ቆብ ነው! ለፈቃድ ቢቸና ስገባ የከተማው ውሻ ሁሉ በሰላምታ የቆመልኝ መሰለኝ። አባቴ አየኝና ጡሩምባዋን ከግድግዳው አወረዳት። ልጃገረዶቹም ማን ሞተ ሳይሆን "እንዴት ዋልክ አለቃ" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ሞጣ ላይ ዘመኔን ሁሉ ባንዲራ በእኔ ትንፋሽ ወጣ፣ በእኔ ትንፋሽ ወረደ። መለከት የሚያስተምር ባለሙያ ሁለት ጊዜ ከደብረ ማርቆስ ተልኮልኝ ነበር፤ ሁለቱም ተስፋ ቆርጠው ተመለሱ። የለቅሶውን ጥሪ ፈጠን አድርጌ ነበር የምነፋው። የሞጣ ሰውም ለመደው፤ ፈጠን ካለ ባንዲራ፣ ዘግየት ካለ ቀብር መሆኑን ለየ። የባንዲራውን ዜማ እስከ ዛሬ አልችለውም።