ከአጥር ውጭ

ሣህሌ ሾላ ገበያ በርበሬ ነጋዴ ሳለ አንድ ክረምት የሸክላ ዱቄት ቀላቅሎ ሸጠ። ከዚያ ወዲህ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የቤተ ክርስቲያን ግቢ ረግጦ አያውቅም። በየማለዳው እንጦጦን ሽቅብ ይወጣና ከአጥሩ ውጭ ካለችው ባሕር ዛፍ ሥር፣ ጫማውን እንዳደረገ ይጸልያል። የንስሐ አባቱ መምሬ ልደቱ፣ "ተናዘሃል፣ ቀኖናህንም ፈጽመሃል፤ ግባ እንጂ!" ሲሉት፣ "እግዜር ቢምረውስ፣ እኔ መቼ ማርኩት ያንን ሌባ!" ይላል። ደረቅ!

ዘንድሮ ምእመኑ በዛና ግቢው እንዲሰፋ ተወሰነ። አናጢዎቹ መጥተው አሮጌውን አጥር ነቅለው አዲስ ቆርቆሮ ሲመቱ ሣህሌ ዛፏ ሥር ነበር። በልቡ እየተሳደበ፣ ጸሎቱን ላለማቋረጥ ዓይኑን አልገልጥም አለ። ሲገልጥ አጥሩ ከኋላው ቆሟል።

"ማን አስገባኝ? አፍርሱልኝ!" ብሎ ጮኸ።

"ምን አስጮኸህ?" አሉ መምሬ ልደቱ። "በሩ ክፍት ነው፤ ውጣ።"

ወደ በሩ የሚወስደው መንገድ ግን በቤተ መቅደሱ ደጃፍ ነበር የሚያልፈው። ሣህሌ እየተነጫነጨ ሄደ። ደጃፉ ጋ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ።