የባለሕንፃው አፍ

በዚያ ሕንፃ የባለሕንፃውን ወኪል የማይረግም ተከራይ የለም። ኪራይ የምትጨምረው እሷ፣ «ግድግዳ ላይ ምስማር አትምቱ» የምትለው እሷ፣ ውሃ ሲጠፋ የምትሰደበው እሷ። ባለሕንፃውማ ምን አለበት! አንዳንዴ ብቅ ይልና «እንዴት ናችሁ ልጆች?» ብሎ ይሄዳል። ተከራዩም «እሱ ደግ ሰው ነው፤ ሴትዮዋ ናት እንጂ» ይላል። ክፉ ክፉውን የሚናገርለት ሰው ከቀጠረ ደግ መሆን ማን ያቅተዋል!

የሦስተኛው ፎቅ ደረጃ መደገፊያ ብረት ከሥሩ የተነቀለ ጊዜ ወኪሏ ወዲያው ለባለሕንፃው ደወለች። እዚያ ፎቅ ላይ ገና ድክ ድክ የሚሉ መንታ ልጆች አሉ።

«ለጊዜው በገመድ እሰሪው» አላት።

አሰረችው። ልቧ አላርፍ ቢላት እንደገና ደወለች።

«አንቺ የማን ወኪል ነሽ? የእኔ ወይስ የእነሱ?» ብሎ ጆሮዋ ላይ ዘጋባት።

የመንታዎቹ እናት በጠየቀቻት ቁጥር «ነግሬያቸዋለሁ፣ በቅርቡ ይሠራል» ትላለች። ውሸቱ የእሱ፣ ኀፍረቱ የእሷ። ከሁለት ያጣ ማለት ይኸው ነው።

አንድ ጠዋት አንደኛው መንታ በገመዱ ሥር ሾልኮ ሊወድቅ ሲል እናቱ በሸሚዙ ያዘችው። ጩኸቷ ምድር ቤት ድረስ ተሰማ። ወኪሏ ሮጣ ወጥታ ሕፃኑን አየችና፣ አንድ በያጅ ጋ ደወለች። «ባለሕንፃው አዘዋል፤ አሁኑኑ ና!» የውክልና ወረቀቷ «እንደ እኔ ሆና ትሥራ» ይል የለ!

ብረቱ በተበየደ ማግስት ባለሕንፃው ሳያዝ መሠራቱን ሰምቶ እየተንጨረጨረ መጣ። ገና ደረጃው ላይ ሳለ ተከራዮቹ ከበቡት።

«ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን! ልጆቹን አተረፉልን!»

ቁጣው ወዲያው ፈገግታ ሆነ። «እኔማ ያኔውኑ አሠሪው ብያት ነበር። እሷ ናት ያጓተተችው።»

እዚያው ቆማ የምትሰማው ወኪል ደሟ ፈላ። ስንት ዓመት የዋጠችውን አወጣችው።

«ጋሼ፣ በገመድ እሰሪው ያሉኝ እርስዎ! ስልክ የዘጉብኝ እርስዎ! በያጁን የጠራሁት ደግሞ እኔ ነኝ፣ ሳያዙኝ!»

ሰውየው ዙሪያውን ቃኘ። «ቁልፎቹን አምጪ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እጁ ላይ ቁጭ አደረገችለት። ተከራዩ ሁሉ አንገቱን ደፋ። የራሱ ቤት የሌለው ሰው ምን ያድርግ፣ አይፈረድበትም ይባል ይሆናል። እኔ ግን እፈርድበታለሁ።

መውረድ ስትጀምር የመንታዎቹ እናት ተጣራች።

«እትዬ፣ ታዲያ የሚያፈሰውን ቧንቧ አሁን ለማን ነው የምንነግረው?»

ዞር አለች።

«ለእሳቸው ነዋ! አጠገብሽ ቆመዋል እኮ፤ ንገሪያቸው!»