ሰባቱ የሙሽራ ፎጣዎች

ኡርሻ ስሎቬንኛ፣ ጀርመንኛና ጣሊያንኛ በሚነገርባት በኡክቬ መንደር ለሙሽሮች የወጥ ቤት ፎጣ መጥለፍ ከጀመረች አርባ ዓመት አልፏታል። እዚያ ሙሽራ ባሏ ቤት የምትገባው ሰባት ፎጣ ይዛ ነው። በእያንዳንዱ ላይ የቀኑ ስም በቀይ ክር ይጠለፋል፤ አማትየዋም ቀኑ ሲደርስ ምስማር ላይ ትሰቅለዋለች። ፎጣዋ ያልተሰቀለላት ምራት እንዳልተወደደች ታውቃለች።

ሙሽራዋ ሚልካ ሠርጓ ሦስት ሳምንት ሲቀረው መጥታ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች።

«እትዬ ኡርሻ፣ አማቴ በጀርመንኛ ካልተጻፈ እኔ ቤት አይሰቀልም አለች። እናቴ ደግሞ በስሎቬንኛ ካልሆነ እዚያ ቤት እግሬ አይረግጥም ትላለች።»

«አንቺስ?»

«እኔማ የፈለግሁት ባሌን ብቻ ነበር።»

«እሱን ብቻውን ማን ይሰጥሻል፣ ልጄ።»

ኡርሻ በአሥራ አንድ ዓመቷ ትምህርቷን ትታ ጀርመኖች ቤት ገረድነት ገብታ ነበር። ሟቹ ባሏ ጣሊያን ነበር። የቀኖቹን ስም በሦስቱም ቋንቋ የለመደችው ልብስ ስታጥብና ስትተኩስ ነው። ስሎቬኖች ማክሰኞን ሁለተኛ፣ ሐሙስን አራተኛ እያሉ ይቆጥራሉ። ጀርመኖች ሐሙስን ለነጎድጓድ ሰጥተውታል፤ ጣሊያኖችም መብረቅ ለሚወረውር አምላክ። ረቡዕን ግን ስሎቬኑም ጀርመኑም የሳምንቱ መሃል ነው የሚሉት፤ ቅዳሜ ላይ ደግሞ ሦስቱም ሰንበት በሚለው ቃል ይገናኛሉ።

ፎጣ የሚሰቀለው ለሦስት ታጥፎ ነው። ስለዚህ በየእጥፋቱ የቀኑን ስም በአንዱ ቋንቋ ጠለፈች። ስሎቬንኛውና ጀርመንኛው እንዳይነካኩ ጣሊያንኛውን መሃል አደረገችው። ሃያ አንድ ስም ነው፤ ዓይኗ እያነባ ጨረሰችው።

ሠርጉ አለፈ። በማግስቱ ቅዳሜ የሚልካ እናት ኔዛ መጣች።

«ነይ አብረሽኝ ሂጂ፤ አማቷ ቤት ብቻዬን አልገባም።»

ኡርሻ ጉልበቷን እያሻሸች ተከተለቻት። ጀርመንኛው ወደ ፊት ተደርጎ እንደሚታጠፍ እርግጠኛ ነበረች። ወጥ ቤቱ ሲገቡ ግን የቅዳሜው ፎጣ ሙሉውን ተዘርግቶ ተሰቅሏል፤ ሶቦታ፣ ሳባቶ፣ ዛምስታግ።

«ምነው ሳታጥፊው?» አለች ኔዛ።

«ሌላውን ቀንማ በእኔ በኩል ነው የማጥፈው» አለች አማትየዋ ገርሊንደ። «ይኼ ያው አንድ ሰንበት ነው። ምኑን ልደብቀው?»

«ረቡዕስ?» አለች ኔዛ።

«ረቡዕ ሲደርስ ትመጪና እናያለን። አሁን ቁጭ በይ፣ ሾርባው በረደ።»

ኔዛ ወንበር ሳበች። ሚልካ ሳህን ልታመጣ ዞር ስትል ፊቷን በክንዷ ጠረገች። ኡርሻ የዛምስታግ የመጨረሻ ፊደል መንጋደዱን ያየችው ያኔ ነው። ማንም ልብ አላለም፤ እሷም ሾርባዋን ጠጣች።